የኩራዝ ክር፦ ምርጫውና አያያዙ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኩራዝ ክር ነው። «ክር ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ ይህችን ትንሽ ነገር ባለማወቄ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው በጨለማ አስቀርቻለሁ። በመጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ። ከዚያ ወደ ትምህርቱ እንገባለን።

ጊዜው ክረምት ነበር። ቦታው ከጂንካ በላይ ባለው ደጋ፣ በአንድ የአሪ ገበሬዎች ቀበሌ ነው። ገበሬ ቀን ከእርሻው አይለይም። ስለዚህ የምንማረው ከብት ከገባ፣ እራት ከተበላ በኋላ ነበር። መብራት የለም። ሁለት እናቶች ከቤታቸው ሁለት አሮጌ ኩራዝ አምጥተውልናል። እኔ ግን «የተሻለ እሠራለሁ» አልኩ። ከቲማቲም ድልህ ጣሳ አንድ አዲስ ኩራዝ ሠራሁ። ለክሩ ደግሞ ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ክር መዝዤ ገመድሁ። ነጭ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ሲያዩት ያምራል። በሁለቱ ኩራዞች የቀረችውን ላምባ ሁሉ በአዲሱ ጣሳ ገለበጥኳት።

ለኮስኩት። ለጥቂት ጊዜ ቦግ አለ። ከዚያ ክሩ እንደ ሰም ቀለጠ። ጥቁር ጠብታ ሆኖ በጣሳው ላይ ፈሰሰ። አንዷ ጠብታ ዘላ የአንዲት እናት ነጠላ ላይ አረፈችና ቀዳዳ አበጀች። መብራቱ ጠፋ። እንደገና ለኮስኩ፤ እንደገና ጠፋ። ትምህርቱ ተበተነ። አንድ አባት በጨለማ ቁልቁለቱን ሲወርዱ እግራቸው ተጠማዘዘ። ሦስት ቀን እርሻ አልዋሉም። በአረም ወቅት ሦስት ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸው የተበሳው እናት እንዝርታቸውንና ባዘቷቸውን ይዘው መጡ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። እርሳቸውም ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ፊደሉን አንተ ታስቆጥረኛለህ። ክሩን ደግሞ እኔ ላሳይህ» አሉኝ። ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ ግማሹ የእርሳቸው ነው። ግማሹን በኋላ ከመጽሐፍ አንብቤ አገኘሁት።

1. የሚነደው ክሩ ነው ወይስ ላምባው?

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። የነጠላችሁ ጫፍ በሾርቃ ያለ ሸፈሮ ውስጥ ቢነከር ምን ይሆናል? የነካው ጫፍ ብቻ አይደለም የሚርሰው። እርጥበቱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ውሃ ግን በሌላ ጊዜ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ታዲያ ማን ገፋው?

ማንም አልገፋውም። ፈትል ማለት የብዙ ቀጫጭን የጥጥ ጭረቶች ጥምር ነው። በጭረቶቹ መካከል ከጸጉር የቀጠኑ ክፍተቶች አሉ። ፈሳሽ ነገር ጥጥን ይወዳል፤ ይጣበቀዋል። በእነዚያ ጠባብ ክፍተቶች እየተጣበቀ፣ እየተጎተተ ወደ ላይ ይወጣል። በኩራዝም የሚሆነው ይኸው ነው። ላምባው ከጣሳው ሥር በክሩ ውስጥ ወጥቶ ጫፉ ላይ ይደርሳል። እዚያ ሙቀቱ ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። የሚነደው ያ እንፋሎት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በጥሩ ኩራዝ የሚነደው ላምባው እንጂ ክሩ አይደለም። ላምባው ሳያቋርጥ ከደረሰለት ክሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ጫፉ ብቻ ይጠቁራል እንጂ አይነድም። ላምባ ካጠረው ግን ክሩ ራሱ መንደድ ይጀምራል። ባጭሩ፣ የጠገበ ክር ያበራል፤ የተጠማ ክር ራሱን ይበላል። የዛሬው ትምህርት ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ይወጣል። ክር ስንመርጥም፣ ስናጥብም፣ ስንከረክምም የምናደርገው ክሩ እንዳይጠማ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ጧፍ የጥጥ ፈትል በሰም ተለብጦ የሚሠራ ነው። እሳቱ ሰሙን ያቀልጣል፤ የቀለጠው ሰም በፈትሉ ሽቅብ ይወጣና ይነዳል። የኩራዝ ክር ከጧፍ ፈትል ጋር ወንድማማች ነው።

2. ጥሩ ክር የትኛው ነው?

አንደኛ፣ ጥጥ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥጥ ነው። ላምባን በደንብ ይጠጣል፤ አይቀልጥም። በአገራችንም አይታጣም። በወይጦ ሸለቆ ጥጥ ይመረታል። ጎረቤቶቻችን ኮንሶዎች ጥጥ ፈትለው በመሸመን የታወቁ ናቸው። ተዳምጦ ፍሬው የወጣለት፣ ተነድፎ ባዘቶ የሆነ፣ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ።

ከፈትልም ከፈትል ይለያል። ሸማኔ ድርና ማግ እንደሚለይ ታውቃላችሁ። ድር ጠበቅ ተደርጎ የሚፈተል ነው፤ ጠንካራ መሆን አለበት። ማግ ግን ላላ፣ ለስለስ ያለ ነው። ለኩራዝ የሚሻለው ማግ ነው። ለምን ቢሉ፣ ድር በጣም ስለሚከር ክፍተቶቹ ይዘጋሉ፤ ላምባ እንደ ልብ አያልፍም። እማማ ያሳዩኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ሁለተኛ፣ የአሮጌ ልብስ ቁራጭ። ንጹሕ ጥጥ ከሆነ ይሠራል። ያረጀ ነጠላ፣ ያረጀ ጋቢ ጥሩ ክር ይወጣዋል። ነገር ግን ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ልብስ ብዙው ጥጥ ከፕላስቲክ ክር ጋር የተቀላቀለበት ነው። በዓይን አይለይም። በእሳት ግን ይለያል፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ቀለም የተነከረ ጨርቅም ባትጠቀሙ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቃጫና ሲባጎ። የእንሰት ቃጫ ለገመድ አንደኛ ነው። ለኩራዝ ግን ደረቅና ሻካራ ነው። ጭረቶቹ እርስ በርስ አይጠጋጉም። ላምባውን እንደ ጥጥ አያወጡም። ስለዚህ ቶሎ ያርራል። ሌላ ሲታጣ እንጂ ተመራጭ አይደለም።

አራተኛ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ክር፣ ናይለን፣ የመረብ ክር። እነዚህን ፈጽሞ አትጠቀሙ። ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። በእሳት ይቀልጣሉ። የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ቢጠርጉት አይለቅም፤ አጥብቆ ያቃጥላል። በእኔ የደረሰው ይኸው ነው። ደግነቱ ያረፈው በነጠላ ላይ ነበር። በሕፃን ፊት ላይ ቢሆንስ ኖሮ?

ክርን በእሳት መፈተን

ከክሩ የጣት ርዝመት ቁረጡ። ከላምባ ርቃችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ በጉጠት ወይም በሽቦ ይዛችሁ ጫፉን አቀጣጥሉ። ከዚያ ተመልከቱ።

ሀ. እንደ ወረቀት ከነደደ፣ የተቃጠለ ወረቀት ወይም ጭድ ከሸተተ፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ከበነነ፣ ጥጥ ነው።

ለ. ከተኮማተረ፣ ከቀለጠ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጨሌ ጠንካራ ፍሬ ከሆነ፣ ፕላስቲክ ነው። ጣሉት።

ሐ. ሁለቱም ምልክት ከታየ፣ ማለትም አመድም ጠንካራ ፍሬም ካለው፣ ቅልቅል ነው። እሱንም ተዉት።

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ስትወጡ፣ ወይም ሐሙስ ቀይ አፈር ስትሄዱ፣ ክር ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት ቁራጭ ለምኑና እንዲሁ ፈትኑት። ነጋዴው ቢስቅባችሁም ግድ የለም።

3. ክሩን ማዘጋጀት

ጥሬ ጥጥ በላዩ ተፈጥሯዊ ቅባት አለው። ይህ ቅባት ጥጡን በማሳው ላይ ከዝናብ ይጠብቀዋል። ለኩራዝ ግን እንቅፋት ነው፤ ክሩ ቶሎ እንዳይጠጣ ያደርጋል። ስለዚህ መታጠብ አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፈትሉን በሳሙና ውሃ ወይም በተጠለለ የአመድ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሉት። የአመድ ውሃ ሲፈላ ቆዳና ዓይን ስለሚጎዳ ልጆችን አርቁ። ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። በመጨረሻ በፀሐይ አስጡት። በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ክር ኩራዝ ውስጥ ከገባ ይንጣጣል፤ ፍንጣሪ ይረጫል።

መታጠቡ መብቃቱን እንዴት እናውቃለን? ከደረቀ በኋላ ትንሽ ቁራጭ በአንድ ስኒ ውሃ ላይ ጣሉ። ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ ቅባቱ ገና አልለቀቀም። ወዲያው ጠጥቶ ከሰመጠ ዝግጁ ነው። ይህ ፈተና ቀላል ነው፤ ልጆች ሳይቀሩ ይወዱታል።

አሁን ክሩን እንሥራ። አንድ ነጠላ ፈትል ብቻውን አይበቃም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ? ከእርሳስ ትንሽ እስኪቀጥን ድረስ ብዙ ፈትል ደርቡ። ላላ አድርጋችሁ ግመዱት፤ ወይም ሦስት ቦታ ከፍላችሁ እንደ ሹሩባ ጎንጉኑት። ስትጎነጉኑም አታጥብቁት።

ስለ ሹሩባ ካነሳን አንድ የውጭ አገር ታሪክ ልጨምር። በድሮ ጊዜ አውሮፓውያን ሻማ ሲያበሩ አጠገቡ መቀስ ይዘው ይቀመጡ ነበር። የሻማው ክር እየረዘመ ስለሚጨስ በየጊዜው መከርከም ነበረበት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1825 ካምባሴሬስ የተባለ ፈረንሳዊ ክሩን እንደ ሹሩባ ጎነጎነው። የተጎነጎነ ክር ሲነድ ጫፉ ጎንበስ ይላል፤ ወደ ነበልባሉ ዳር ወጥቶ አመድ ሆኖ ያልቃል። ከዚያ ወዲህ ሻማ የሚያበራ ሰው መቀሱን አስቀመጠ። አያችሁ? የክር አጎነጓጎን ብቻ ተለውጦ የብዙ አገር ሰው ከሥራ ተገላገለ። የኩራዝ ክር ግን በቱቦ ስለሚቆም ቢጎነጎንም መከርከሙ አይቀርለትም።

4. ክሩን በኩራዙ ማስገባት

ክሩ የሚያልፍባት የቆርቆሮ ቱቦ ከክሩ ጋር መመጣጠን አለባት። ልኩን እንዲህ እወቁ። ክሩን በሁለት ጣት ስትስቡት በቀላሉ ይምጣ፤ ብቻውን ግን አይውደቅ። በጣም ከጠበበ ክሩ ይታነቃል፤ ላምባ አያልፍም፤ መብራቱ ይደክማል። በጣም ከሰፋ ደግሞ የላምባው እንፋሎት በዳሩ ይወጣል፤ እሳቱም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ አደገኛ ነው።

የክሩ ርዝመት ከጣሳው ሥር ደርሶ ሁለት ጣት ያህል የሚተኛ ይሁን። አጭር ከሆነ ላምባው ሳያልቅ ክሩ ይጠማል። በላይ በኩል ከቱቦዋ የሚወጣው ከአንድ የስንዴ ፍሬ አይበልጥ። ብዙ ሰው ብዙ ክር ቢወጣ ብዙ ብርሃን የሚገኝ ይመስለዋል። አይደለም። ብዙ ክር ሲወጣ ብዙ ላምባ ይተናል፤ በቂ አየር ግን አያገኝም። ያልነደደው ጥላሸት ሆኖ ጣራ ላይና ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል።

አዲስ ክር ካስገባችሁ በኋላ ወዲያው አትለኩሱ። ቡና ተፈልቶ አንድ ስኒ እስኪጠጣ ድረስ ቆዩ። ላምባው ጫፍ ድረስ ይድረስ። ደረቅ ክር ከለኮሳችሁ በመጀመሪያው ቀን ያርራል።

ላምባውን ስትሞሉ እስከ አፉ አትሙሉት። አንድ ጣት ያህል ጎዶሎ ተዉለት፤ ሲሞቅ ያብጣልና። ከግማሽ በታችም ሲወርድ ሙሉበት። ላምባው በራቀ ቁጥር ክሩ ረጅም መንገድ ይስባል፤ መብራቱም እየደከመ ይሄዳል።

5. ክሩን መንከባከብ

ሀ. መከርከም። ኩራዙ አንድ ሁለት ሌሊት ከበራ በኋላ ክሩ ጫፍ ላይ እንደ ጠጠር የጠነከረ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል። ይህ ቅርፊት የላምባውን መንገድ ይዘጋል። ቀን፣ ኩራዙ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በመቀስ ወይም በምላጭ ጠጠሩን ብቻ ቁረጡ። ጫፉን አስተካክሉ፤ የተንጠለጠለ ጭረት አይኑር። አንድ ጭረት እንኳ ከሌላው ከረዘመ ነበልባሉ በዚያ በኩል ምላስ አውጥቶ ይጨሳል።

ለ. ላምባውን ማጥለል። ቆሻሻ ላምባ ክርን ይደፍናል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጥልላችሁ ሙሉ። ውሃ የተቀላቀለበት ላምባ ከሆነ ለአንድ ቀን ሳትነቀንቁ አስቀምጡት። ውሃ ከላምባ ስለሚከብድ ወደ ሥር ይወርዳል። ከላይ ያለውን ላምባ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፤ ከሥር ያለውን ተዉት።

ሐ. ክሩን መለወጥ። እየከረከማችሁ ክሩ ካጠረ፣ ወይም ውስጡ ጠቁሮ ከደረቀ፣ አትዘኑለት። አዲስ አስገቡ። የጥቂት ፈትል ዋጋ ከምታባክኑት ላምባ ዋጋ ያንሳል።

መ. ፋኖስ ያላችሁ። የፋኖስ ክር ጠፍጣፋ ሆኖ የተሸመነ ነው። ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሁለቱን ማዕዘኖች ብቻ በትንሹ ሸረፍ አድርጉ። ነበልባሉ ክብ ይሆናል፤ ብርጭቆውም አይጠቁርም፤ አይሰነጠቅም። ብርጭቆው ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። በፈረንጆች 1780ዎቹ አርጋንድ የተባለ የስዊስ ሰው ክሩን እንደ ቱቦ ክብ አድርጎ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ አደረገ፤ በላዩም ብርጭቆ ደፋበት። አየሩ ከሥር ሽቅብ እየተሳበ ላምፓው በደንብ እንዲነድ አደረገ፤ ጭሱም ቀነሰ። ስለዚህ ፋኖስ ያለው ሰው ብርጭቆው ተሰብሮ ቢያበራ ግማሹን ጥቅም አጥቷል።

6. ኩራዝ ሲታመም

ከብት ሲታመም ምልክት ያሳያል። ኩራዝም እንደዚያው ነው። ምልክቱን አይታችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

ምልክት፦ ጥቁር ጭስ ያወጣል።
ምክንያት፦ ክሩ ብዙ ወጥቷል ወይም ጫፉ አልተስተካከለም።
መፍትሔ፦ አጥፉት፤ ይቀዝቅዝ፤ ዝቅ አድርጉት፤ ከርክሙት።

ምልክት፦ ብርሃኑ እየደከመ ይሄዳል።
ምክንያት፦ ላምባው አንሷል፣ ክሩ በቱቦው ታንቋል፣ ወይም ቅርፊት ይዟል።
መፍትሔ፦ በመጀመሪያ ላምባውን እዩ፤ ቀጥሎ ቅርፊቱን፤ በመጨረሻ ቱቦውን።

ምልክት፦ ይንጣጣል፤ ፍንጣሪ ይረጫል።
ምክንያት፦ ክሩ እርጥብ ነው ወይም ላምባው ውስጥ ውሃ አለ።
መፍትሔ፦ ክሩን አድርቁ፤ ላምባውን አዝቅጡ።

ምልክት፦ ከወትሮው በላይ ቦግ ይላል፤ ጣሳው ይግላል፤ ሽታው ተለውጧል።
ምክንያት፦ ላምባው ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል።
መፍትሔ፦ ኩራዙን አታንሱ፤ አታንቀሳቅሱ። ከሩቅ እርጥብ ጨርቅ ወይም አፈር ጣሉበት። ልጆችን ይዛችሁ ውጡ።

ስለዚህ ስለ መጨረሻው ምልክት ለብቻው መነጋገር አለብን።

7. ላምባና ቤንዚን አንድ አይደሉም

ዛሬ ሞተር ሳይክል በየመንደሩ ገብቷል። መግባቱ ጥሩ ነው፤ በሽተኛ ያደርሳል፤ ዕቃ ያመላልሳል። ነገር ግን ከሞተሩ ጋር ቤንዚን መጣ። ቤንዚኑም በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ይሸጣል። ላምባም በሃይላንድ ይሸጣል። የሚጠጣ ውሃም በሃይላንድ ይቀመጣል። ሦስቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ በማታ ማን ይለያቸዋል?

ልዩነታቸው ግን የሞትና የሕይወት ነው። ላምባ በቀላሉ የሚቀጣጠል እንፋሎት የሚያወጣው እስከ 38 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን በጣም በቀዘቀዘ ቦታ እንኳ ተቀጣጣይ እንፋሎት ያወጣል። ስለዚህ ቤንዚን የገባበት ኩራዝ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። ጥቂት ቢቀላቀልም ያው ነው። በሐመርና በዳሰነች ቆላ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባችሁ። የአገራችሁ የቀን ሙቀት ወደዚያ 38 ዲግሪ ይጠጋል። ላምባን በፀሐይ ወይም በምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ።

ታዲያ ምን እናድርግ? እናንተ አሁን መጻፍ ችላችኋል። ያንን እውቀት እዚህ ተጠቀሙበት። የላምባውን ዕቃ ለብቻው አድርጉ። በወረቀት ላይ በትልቁ «ላምባ» ብላችሁ ጻፉና ለጥፉበት። የቤንዚኑን «ቤንዚን» በሉት። ሁለቱንም ውሃ በሚጠጣበት ሃይላንድ አታድርጉ። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣልና። ሁለቱንም ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡ። ላምባ የምትገዙትም ከምታውቁት ነጋዴ ይሁን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው ነገሩ።

እንግዲህ ጥንቃቄዎቹን በዝርዝር እንያቸው።

— ኩራዝ እየበራ ላምባ አትጨምሩ። አጥፉ፤ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ሙሉ። ከሁሉ የሚሻለው ቀን መሙላት ነው።
— ኩራዙን በሰፊና ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡ። ከሣር ክዳን፣ ከመጋረጃ፣ ከአጎበር አርቁ።
— ኩራዝ በርቶ አትተኙ።
— የላምባ እሳት ከተነሣ ውሃ አትድፉበት። ላምባው በውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይበትነዋል። አፈር፣ አሸዋ ወይም እርጥብ ብርድ ልብስ ጣሉበት።
— ሰው ከተቃጠለ፣ የተቃጠለውን ቦታ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙ። ቅቤ፣ አመድ፣ እበት፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት።
— ሕፃን ላምባ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ። ሲያስመልሰው ላምባው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ድርጅት ውሰዱት።

8. ጥላሸቱ የማን ገንዘብ ነው?

ጠዋት አፍንጫችሁን ስትጠርጉ ጥቁር ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ የኩራዙ ጥላሸት ነው። በፈረንጆች 2012 የወጣ የሳይንቲስቶች ጥናት የኩራዝን ጭስ ለክቶ ነበር። ብርጭቆ የሌለው ኩራዝ ከሚያቃጥለው ላምባ ከ100 እጅ ከ7 እስከ 9 እጁ ጥላሸት ሆኖ እንደሚወጣ አገኙ። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? የ100 ብር ላምባ ስትገዙ ከ7 እስከ 9 ብሩ ጥላሸት የተገዛበት ነው። በገንዘባችን ዓይናችንንና ሳንባችንን የሚጎዳ ነገር እንገዛለን ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 ባወጣው መመሪያ ላምባን በቤት ውስጥ ማቃጠል እንደማይመክር ገልጿል።

ስለዚህ ይህ ትምህርት «በኩራዝ ኑሩ» ለማለት አይደለም። የተሻለ እስኪመጣ ድረስ ያለንን በጥሩ ሁኔታ እንያዝ ለማለት ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ሆኖም በዚያው ወንዝ ግርጌ ባሉ ብዙ መንደሮች ማታ የሚበራው ኩራዝ፣ የእጅ ባትሪ ወይም ትንሽ ሶላር ነው። ትንሽ ሶላር መግዛት የሚችል ይግዛ፤ ጭስ የለው፣ ላምባ አይጠይቅ። ብቻውን የማይችል ከጎረቤቱ ጋር በዕቁብ ቢገዛ መልካም ነው። እስከዚያ ግን ኩራዙን ስታበሩ መስኮትና በር ክፈት አድርጉ። ሕፃናትንና ሳል ያለበትን ሰው ከጭሱ አርቁ። ክሩንም አሳጥሩ።

በአገራችን ሰው በኩራዝ ሲማር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ኋላም በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ብዙ ገበሬ «ሀ ሁ»ን የለየው ከእርሻ ሲመለስ በማታ መብራት ነው። ያ ትውልድ ከእኛ በፊት ዓይኑን በጭስ እያሻሸ ተምሯል። እኛ ቢያንስ ጭሱን መቀነስ እንችላለን።

የእኛ ክፍል ዛሬ ሦስቱንም ኩራዞች ያበራል። የሦስቱም ክር ከማግ የተገመደ ነው። ክር የሚከረክም ተረኛ በየሳምንቱ እንመርጣለን። እግራቸው የተጠማዘዘው አባት ባለፈው ሳምንት ተረኛ ነበሩ። የላምባው ዕቃ ላይ «ላምባ» የሚለውን ቃል የጻፉትም እሳቸው ናቸው። «ም»ን ትንሽ አጣምመዋታል። ይነበባል ግን።

የቃላት ፍች

ማግ፦ ላላ ተደርጎ የተፈተለ፣ ሸማኔ በድር መካከል የሚያሳልፈው ፈትል።
ባዘቶ፦ ተነድፎ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ።
እንፋሎት፦ ፈሳሽ ሲሞቅ የሚሆነው፣ እንደ አየር የሚወጣ ነገር።
ጥላሸት፦ ሳይነድ የቀረ ጥቁር የጭስ ዱቄት።
መከርከም፦ ጫፍን ቆርጦ ማስተካከል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በደብተራችሁ መልሱ።
1. በጥሩ ኩራዝ የሚነደው ምንድን ነው? ክሩ ወይስ ላምባው?
2. ለኩራዝ ከድር ይልቅ ማግ የሚሻለው ለምንድን ነው?
3. የላምባ እሳት ሲነሣ ውሃ የማይደፋበት ለምንድን ነው?

ለ. ባዶውን ቦታ ሙሉ።
1. የጠገበ ክር ያበራል፤ የተጠማ ክር ራሱን ______።
2. በእሳት ሲፈተን የሚቀልጥ ክር ______ ነው።
3. ከቱቦዋ የሚወጣው ክር ከአንድ ______ ፍሬ አይበልጥ።

ሐ. አስሉ።
አንድ ቤተሰብ በሳምንት 1 ጠርሙስ ላምባ ያቃጥላል እንበል። በዓመት 52 ሳምንት አለ። ክሩን በደንብ ሲይዙ አንዱ ጠርሙስ ለ2 ሳምንት ቢበቃቸው በዓመት ስንት ጠርሙስ ይተርፋቸዋል? የአንዱን ጠርሙስ ዋጋ ከገበያ ጠይቃችሁ የሚተርፈውን ብር ጻፉ።

መ. በቤት የሚሠራ።
ከቤታችሁ ሦስት ዓይነት ክር ፈልጉ። የእያንዳንዱን ጫፍ በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ቡና ውስጥ ንከሩ። የትኛው ቶሎ እንደወጣ፣ እስከ የትም እንደደረሰ በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ የላምባ ዕቃችሁን አውጡና በትልቁ ስሙን ጻፉበት። ለሚቀጥለው የማታ ትምህርት ክሩንና ደብተሩን ይዛችሁ ኑ። ማን ምን እንዳገኘ አብረን እናያለን።